ኦርቻታ በቤቴ፦ የማይበስለው የሩዝ መጠጥ

ሎስ አንጀለስ የኖረ ሰው ኦርቻታን ያውቀዋል። የሜክሲኮ ታኮ ቤቶች ባንኮኒ ላይ ከሚደረድሯቸው ትልልቅ የመስታወት ማሰሮዎች በአንዱ ሀማይካ የሚሉት የእኛው ከርከዴ፣ በሌላው ታማሪንድ፣ በሦስተኛው ወተት የመሰለው ኦርቻታ ይኖራል። እኔ ቤቴ መሥራት የጀመርኩት በጾም ምክንያት ነው። ብዙ ቦታ ወተት፣ አንዳንዱም ጋ ጣፋጩን የቆርቆሮ ወተት ይጨምሩበታል፤ በየሄዱበት “ወተት አለው?” እያሉ መጠየቅ ይሰለቻል። ሩዝ፣ ውሃ፣ ቀረፋና ስኳር ብቻ ከሆነ ግን የጾም ነው። አሁንማ በፍስክም ወተት አልጨምርበትም፤ የሩዙን ጣዕም ይሸፍነዋል።

መጠኑ 1 ኩባያ ነጭ ሩዝ፣ 5 ኩባያ ውሃ፣ ጣት የሚያህል ቀረፋና ግማሽ ኩባያ ስኳር ነው። ሩዙ አይቀቀልም። “ጥሬውን ነው እንዴ የምትጠጪው?” የማይለኝ እንግዳ የለም። ሱፍ አጥልሎ ለሚያውቅ ሰው ግን ሥራው አዲስ አይደለም፤ እዚህም ዋናው ነገር ፈጭቶ ነጩን ውሃ ማውጣት ነው።

ሩዙን ደጋግሜ አጥቤ ከቀረፋው ጋር በ2 ኩባያ ውሃ እዘፈዝፈውና ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። በሙቀት ውጭ ያደረ የሩዝ ውሃ ሆድ ያውካልና በዚህ አልደራደርም። ጠዋት አንዷን ፍሬ በጥፍሬ ስጫናት ድቅቅ ካለች ለመፈጨት ደርሷል።

ቀረፋው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የመጠጡ ግማሽ እሱ ነው። ሜክሲኮዎች ካኔላ የሚሉት የስሪላንካውን ቀረፋ ነው። ልጣጩ ስስ፣ ድርብርብ ሆኖ የተጠቀለለ፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት ፍርፍር የሚል፣ ጠረኑም ለስላሳ። ከሩዙ ጋር አብሮ ይፈጫል። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ወፍራሙና ጠንካራው ብዙውን ጊዜ ካሲያ ነው፤ ለሻይ ይሆናል፣ እዚህ ግን ያቃጥላል፣ የብሌንደሩንም ምላጭ ይጎዳል። ካሲያ ብቻ ካለ በትንሽ ውሃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ውሃውን ብቻ መጨመር ይሻላል። የሜክሲኮ ሱቆች ካኔላውን በትንሽ ፌስታል ይሸጡታል፤ ፈልጎ ማግኘቱ ያዋጣል።

ከዚያ ከነውሃው በብሌንደር ፈጭቼ የቀረውን ውሃ እጨምርና በማጥለያ አሳልፋለሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ በሻሽ። ሻሹን ጠምዝዤ እጨምቃለሁ፣ ግን ጠብታው መወፈር ሲጀምር አቆማለሁ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ምላስ ላይ እንደ አሸዋ የሚሻክር ዱቄት ነው። ቶሎ ይድረስልኝ ብሎ የፈላ ውሃ መጨመር ደግሞ መጠጡን ሙቅ ያደርገዋል፤ ስታርቹ ይበስልና ይወፍራል። ስኳሩ በቀዝቃዛ ውሃ ስለማይሟሟልኝ ለብቻው በትንሽ ለብ ያለ ውሃ በጥብጬ እጨምረዋለሁ። ቫኒላ ከተፈለገ ጠብ ማድረግ ነው። በረዶ ስለሚያቀጥነው ወፈር፣ ጣፈጥ አድርጌ እተወዋለሁ። ሲቀመጥ ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ከመቅዳት በፊት ከሥር ማማሰል።

ነገሩ የመጣው ከስፔን ነው። የቫሌንሲያው ኦርቻታ የሚሠራው ቹፋ ከሚባል፣ ከቀጠማ ዘመዶች አንዱ ከሆነ ተክል የሥር ፍሬ ነው፤ ሩዙንም ወደ ሜክሲኮ ያስገቡት ስፔኖች ናቸው። የሜክሲኮዋ የኦአሃካ ግዛት ሰዎች ደግሞ በላዩ የቀይ በለስ (የቁልቋሉ ፍሬ) ጭማቂ፣ የተከተፈ ሜሎንና ፒካን የሚባለውን ለውዝ መሰል ፍሬ ይጨምሩበታል። እኔም በለስ ሳገኝ እንደዚያው አደርጋለሁ። ዘሩ ስለሚበዛ በለሱ ለብቻው ይጠለላል፤ የሚጨመረውም ብርጭቆው ላይ ነው፣ ማሰሮው ውስጥ ከገባማ ነጩን ለሚወድ ሰው አይደርሰውም።