ስንቁን ማን ላከላቸው?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል በዓል አደረሳችሁ።

ዘንድሮ ወደ አራት ኪሎ የምሄደው ብቻዬን ነው። በየዓመቱ ክንዳቸውን ይዤ ከሐውልቱ ሥር የማደርሳቸው አያቴ በጥር ወር ዐርፈዋል። በዚህ ዕለት እስከ ቀትር እህል አይቀምሱም ነበር፤ ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በዚሁ ቀን ስለሆነ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. የተመለሱበትን ደስታ የሚያከብሩት ኀዘኑን ካደረሱ በኋላ ነበር። (አብረናቸው የምንጾመው የልጅ ልጆች ሥርዓቱን ወደነው አናውቅም።)

አምና የጀግኖች ስም ሲነበብ፣ ራስ አበበ አረጋይ፣ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ እየተባለ ሲወርድ፣ አያቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው «ስንቁንስ ማን ላከላቸው?» አሉ። ከፊት የቆሙት ዘወር ብለው አዩን። እኔም አፈርሁ፤ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ እፍረቴ ነው።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ከአገልግሉ ውስጥ፣ ከእንጀራው ሥር ጥይት ደርድረው በኬላው በኩል ይልኳቸው ነበር። ስለዚህ በእሳቸው ዘንድ ከሁሉ የሚቀድሙት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ነበሩ፤ ከተማ ተቀምጠው በዱር ላሉት አርበኞች ጥይትና መድኃኒት የሚልኩ የውስጥ አርበኛ፣ ተይዘው በጣሊያን አገር በአዚናራ ደሴት ታስረው ሲመለሱም ዐርፈው መቀመጥን እንቢ ብለው የአዲስ ዓለምን ምሽግ ለመውጋት የተሰለፉ ሴት። ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር የነበሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም የዚያው የአዚናራ እስረኛ ነበሩ፤ እሳቸው እንኳ ኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል በመሆናቸው ስማቸው ይነሣል። አገልግል ተሸክመው ኬላ ያለፉትን ሕፃናት ግን የመዘገባቸው የለም።

በየዓመቱ ወንበርዎን ለአያቴ ለቀው ፀሐይ ላይ ይቆሙ የነበሩት አባት፣ ስምዎን ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የቅድመ አያቴን ሜዳይ ያረጀ ሪባን በስፌት ክር የጠገንሽልን ጎረቤቴ፣ እንኳን አደረሰሽ፤ አያቴ በመጨረሻ ሳምንታቸው ክሩን በጣታቸው እየዳበሱ «ይኼ ከፊተኛው ይጠነክራል» ብለዋል። እናቶቻችሁ በሕይወት ያሉላችሁ ደግሞ ዛሬ ቡናው ሳያልቅ ያንን ስንቅ በቤታችሁ ማን እንዳሰናዳው ጠይቋቸው።

ሜዳዩን በኪሴ ይዤ ወጥቻለሁ። ምሳዬን የምበላው ከቀትር በኋላ ነው።