ትንሽ ፋን ለመምረጥ የፈጀብኝ ሴሚስተር

ሦስተኛ ዓመት አለቀ። ዘላቂ የሕንፃ አገልግሎት ምህንድስና ነው የምማረው። ለማታውቁት በአጭሩ፦ የሕንፃውን አየር፣ ሙቀት፣ ውሃ፣ መብራትና የኤሌክትሪክ መስመር የሚመለከት ሙያ ነው። አርክቴክቱ ቅርፁን ይሠራል፣ ስትራክቸራል መሐንዲሱ እንዲቆም ያደርገዋል። ሰው ውስጡ ገብቶ ሳይታፈን፣ ሳይበርደውና ሳይጨልምበት እንዲውል የምናደርገው ደግሞ እኛ ነን። «ዘላቂ» የሚለው ሲጨመርበት ይህን ሁሉ በትንሽ ኢነርጂ ማድረግ ማለት ነው።

የምጽፈው በተለይ አሁን ሁለተኛ ዓመት ላይ ላላችሁ ነው። ዘንድሮ ከወሰድኳቸው ኮርሶች ሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ አንድ የዲዛይን ፕሮጀክት ስለሆነ እሱ ላይ ልቆይ።

የተሰጠን ሥራ 120 ሰው የሚይዝ የሌክቸር አዳራሽ ነበር። አየሩን ማስገባት፣ ማቀዝቀዝ፣ ማሞቅ። ለአንድ ሰው 10 ሊትር ንጹህ አየር በሰከንድ ወሰድኩ። በ120 ሲባዛ 1,200 ሊትር፣ ማለትም 1.2 ሜትር ኩብ በሰከንድ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ ግን ፈራሁ። ትርፍ ወንበር ይገባ ይሆናል ብዬ በሰው ቁጥር ላይ 15 በመቶ ጨመርኩ። ዳክቱ (አየሩ የሚሄድበት ቱቦ) ያፈስ ይሆናል ብዬ በአየሩ መጠን ላይ 20 በመቶ ጨመርኩ። ፋን ልመርጥ ካታሎግ ስከፍት ደግሞ «ለማንኛውም» ብዬ 25 በመቶ ከፍ ያለውን ያዝኩ። እያንዳንዱ ጭማሪ ለብቻው ሲታይ ምንም ክፋት የለበትም።

መምህሬ ወረቀቱን አገላብጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «እነዚህን ሦስቱን አባዝተሻቸዋል?» አላባዛኋቸውም ነበር። 1.15 በ1.2፣ ከዚያ በ1.25 ሲባዛ 1.725 ይመጣል። ከሚያስፈልገው በ72 በመቶ የበለጠ አየር የሚገፋ ፋን ነበር የመረጥኩት።

የከፋው ገና ነው። የፋን ሕጎችን ሁለተኛ ዓመት ላይ ለፈተና ሸምድጃቸው ነበር። የአየሩ መጠን ከፋኑ ፍጥነት ጋር እኩል ይጨምራል። ግፊቱ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። የሚበላው ኃይል ደግሞ በኩብ። ያን ቀን ግን ሕጉን በራሴ ቁጥር ላይ ሞከርኩት። 1.725 በኩብ ከ5 በላይ ነው። በዚያው ዳክት ውስጥ 72 በመቶ ተጨማሪ አየር ለመግፋት አምስት እጥፍ ኃይል ማለት ነው። 1.2 ሜትር ኩቡን በ600 ፓስካል ግፊት ለመግፋት፣ የፋኑ ብቃት 60 በመቶ ቢሆን፣ 1.2 ኪሎዋት ይበቃል። የኔ ፋን ወደ 6 ኪሎዋት ይወስዳል። እንዲህ ያለ ሕንፃ ተሠርቶ ሲያልቅ ትርፉን አየር በዳምፐር (ዳክቱን በሚያጠብ መዝጊያ) አንቀው ያስቀሩታል። ፋኑ ይገፋል፣ ዳምፐሩ ይከለክላል፣ ኤሌክትሪኩ መሃል ላይ ይባክናል። ይህን ለዓመታት በየቀኑ አስቡት።

መጠባበቂያ መያዝ ራሱ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ጊዜ፣ ምክንያቱ ተጽፎ ይያዝ ነው የምለው። አሁን ስሌቴ ውስጥ «መጠባበቂያ» የሚል አንድ መስመር ብቻ አለ። ሌላ ቦታ ከተገኘ እሰርዘዋለሁ።

ሁለተኛውን ሙከራ የጀመርኩት ከሙቀቱ ነው። መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ በአንድ ገጽ ላይ በእጄ ጻፍኩት። ይህን ቀድሜ ባደርገው ኖሮ አንድ ሳምንት ይተርፈኝ ነበር። ምክንያቱም ያን ሳምንት የግድግዳውን ዩ ቫልዩ (በአንድ ሜትር ካሬ፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚያልፈውን ሙቀት በዋት) ከ0.3 ወደ 0.2 ለማውረድ ስታገል ነው ያሳለፍኩት። አዳራሹ ወደ ውጪ ያለው ግድግዳ 60 ሜትር ካሬ ነው። በውጪና በውስጥ መካከል 12 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር በግድግዳው የሚገባው 216 ዋት ብቻ ነበር። ያ ሁሉ ልፋት የቀነሰው 72 ዋት ነው። ተቀምጦ የሚያዳምጥ አንድ ሰው በጠቅላላ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያወጣል!

ሰዎቹ ራሳቸው ከባድ ናቸው። ከ100 ዋቱ 70 ያህሉ አየሩን በቀጥታ ያሞቃል፣ የቀረው በላብና በትንፋሽ እርጥበት ይወጣል። በ120 ሰው 8.4 ኪሎዋት ነው። ከሁሉም የበለጠው ግን የምናስገባው ንጹህ አየር ሆነ። 1.2 ሜትር ኩብ አየር በየሰከንዱ በ12 ዲግሪ ማቀዝቀዝ፣ እርጥበቱን ሳንቆጥር፣ 17 ኪሎዋት ይጠይቃል። ስለዚህ ትኩረቴን ከግድግዳው አንስቼ ወደ አየሩ አዞርኩ። የሚወጣው አየር ቅዝቃዜውን ለሚገባው አየር አስረክቦ እንዲሄድ የሚያደርገውን መሣሪያ፣ ሂት ሪከቨሪ የምንለውን፣ በ75 በመቶ ብቃት አስገባሁ። 17ቱ ወደ 4 ኪሎዋት ገደማ ወረደ። የማቀዝቀዣ ማሽኑም አብሮ አነሰ። (ጥቂት ሰው የሚኖርበት ቤት ቢሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ግድግዳው፣ ጣሪያውና መስኮቱ ዋናዎቹ ናቸው። መጀመሪያ ሕንፃው የማን እንደሆነና ስንት ሰው እንደሚገባበት እዩ።)

ቀጥሎ ዳክቱ መጣ። ለተመሳሳይ የአየር መጠን በግጭት የሚጠፋው ግፊት ከዲያሜትሩ አምስተኛ ፓወር ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ዲያሜትሩን በ20 በመቶ ብታሰፉት ኪሳራው ከነበረው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ይሆናል። ይህን ሳውቅ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ኮርኒሱ ላይ ቦታ የለም! ቡድናችን ውስጥ ያለው የአርክቴክቸር ተማሪ ሰፊውን ዳክት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፣ እውነትም ነበረው። ሁለት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ የማሽኑን ክፍል ወደ አዳራሹ አስጠጋው፣ እኔም ሦስት መታጠፊያ አስወገድኩ። ዳክቱንም ኮርኒሱ እስከቻለው ድረስ አሰፋሁት። ከዚህ የወሰድኩት፣ ከአርክቴክቱ ጋር መነጋገር ያለብን ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና እርሳስ ላይ እያለ ነው። በኋላ ከሆነ የሚቀርልን ጠባብ ዳክትና ትልቅ ፋን ብቻ ነው።

በዚህ መሃል የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ተውሼ እኛ የምንማርበት ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት። ትምህርት ሲጀመር 450 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 450ው) ነበር። መስኮቶቹ እንደተዘጉ ከ50 ደቂቃ በኋላ 1,800 ደረሰ። ግማሹ ክፍል ያዛጋ ነበር። ያን ጊዜ ነው የ10 ሊትሩ ትርጉም የገባኝ። አንድ ሰው በሰከንድ 0.005 ሊትር ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። በ10 ሊትር አየር ሲከፈል 500 ፒፒኤም ነው። የውጪው 420 አካባቢ ስለሆነ ክፍሉ 900 ገደማ ላይ ይረጋል። መለኪያው ሌላም ነገር አሳየኝ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ቁጥሩ ይወርዳል፣ ያኔ ያን ሁሉ አየር ማስገባት አያስፈልግም። ስለዚህ አዳራሹ ላይ ሴንሰር ጨመርኩ፣ ፋኑም ፍጥነቱን እንዲቀያይር አደረግኩ። በግማሽ ፍጥነት ላይ ኃይሉ በንድፈ ሐሳብ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ኩቡ ይህን ጊዜ ለኔ ሠራ።

ሲሙሌሽኑን (አዳራሹ የሚፈጀውን ኢነርጂ በኮምፒውተር ማስላቱን) በኢነርጂፕላስ ነው የሠራሁት፣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። የመጀመሪያው ውጤት ከእጅ ስሌቴ ጋር ጨርሶ አልገጠመም። መብራቱን ቀንና ሌሊት 24 ሰዓት በርቶ እንዲያድር አድርጌ አስገብቼው ኖሯል። የእጅ ስሌቱ ባይኖር ውጤቱን እንዳለ አስረክብ ነበር።

ስለ ምቾት የተማርነውን በሁለት መስመር ልለፍ። ዴንማርካዊው ፋንገር በ1970 ያወጣው ዘዴ ስድስት ነገሮችን ይቆጥራል፦ የአየሩን ሙቀት፣ በዙሪያችን ካሉ ገጾች የሚመጣውን ጨረር፣ እርጥበትን፣ የአየሩን ፍጥነት፣ ልብስንና የምንሠራውን ሥራ። በዚህ ዘዴ ሁሉም ነገር ፍጹም ቢስተካከል እንኳ 5 በመቶው ሰው አይመቸውም። ቴርሞሜትሩ 23 እያለ መስኮት አጠገብ የተቀመጠው የሚበርደው በጨረሩ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ ያስረከብኩት አየር የሚያስገባው ፋን 1.32 ሜትር ኩብ በሰከንድ፣ በ400 ፓስካል፣ 900 ዋት ገደማ ነው። 10 በመቶ መጠባበቂያ አለው፣ ምክንያቱም ተጽፏል። ከ6 ኪሎዋቱ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ደብተሬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ሂት ፓምፕ (ከውጪ ሙቀት ቀድቶ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ማሽን) እንጀምራለን። ሒሳቡን ቀድሜ ነካክቼዋለሁ። ውጪው 5 ዲግሪ ሆኖ ውሃውን 55 ላይ ካሞቅን የካርኖ ጣሪያ፣ ማለትም ከአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ በንድፈ ሐሳብ ቢበዛ የሚገኘው የሙቀት እጥፍ፣ 6.6 ገደማ ነው። 35 ላይ ካቆምነው 10.3 ይደርሳል። እውነተኛው ማሽን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚያገኘው፣ ልዩነቱ ግን ይቀራል። 35 ዲግሪ ውሃ ክፍሉን እንዲያሞቅ ማሞቂያው ሰፊ መሆን አለበት፣ ምናልባትም ወለሉ በሙሉ። ከናንተ መካከል ይህን ዲዛይን ያደረገ ካለ፣ ትልልቅ መስኮት ያለው ክፍል ላይ ወለሉ ብቻውን በቅቷችኋል? ስሌታችሁን ብታሳዩኝ ደስ ይለኛል።