ከጋራዥ ልጆቼ ጋር እንዴት ተግባባን

ኮምቦልቻ ላይ የከባድ መኪና ጋራዥ አለኝ፣ ከሚሌ በባቲ አድርገው የሚመጡት ሲኖትራኮችና ወደ ደሴ የሚወጡት አይሱዙዎች ናቸው እንጀራችን። የሚሰሩልኝ ልጆች አብዛኞቹ ከቴክኒክና ሙያ የወጡ ሃያ ምናምን አመት ናቸው። እኩዮቼ ባለጋራዦች ስንገናኝ ወሬው ያው ነው፣ የዛሬ ልጅ አይታዘዝም፣ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል፣ ትንሽ ከተናገርከው ጥሎህ ይሄዳል። እኔ ግን ወላሂ ልጆቹ ላይ ብዙም ቅሬታ የለኝም።

እኛ ስንማር ነገሩ "ሙያ በልብ ነው" ነበር። ዋናው መካኒክ የነዳጅ ፖምፓ ሊፈታ ሲል ሂድ ሲጋራ ግዛልኝ ይልሃል፣ ስትመለስ ተገጥሞ አልቋል። ለምን ብለህ ከጠየቅክማ ቁልፉ ወዳናትህ ይመጣል። የራሴን ስከፍት ይሄን ገለበጥኩት፣ ከባድ ስራ ሲፈታ ሁሉም ቆሞ ያያል፣ የፈለገውን ይጠይቃል።

ጥያቄያቸው ደሞ ለስላሳ እንዳይመስላችሁ። አንዴ ከሐረጎ የወረደ መኪና ገባ፣ የኋላ ቀኝ ጎማው እየጨሰ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ግቢውን አሸተተው። ፍሬኑን በሙሉ ፍታ ስለው አንዱ ልጅ ሹፌሩ ፊት "ጋሼ የጨሰው አንዱ አይደል እንዴ፣ ሁሉንም የምንፈታው ሂሳብ ለመጨመር ነው?" አለኝ። ሹፌሩ ራሱ ደነገጠ። አብሽር ፍታና እይ አልኩት። ሲፈታው የሌሎቹ ጎማዎች ሸራ ስላልተስተካከለ በደንብ አይዝም፣ ያ አንዱ ብቻውን ነው ያን ሁሉ ጭነት ይዞ የወረደው፣ ሹፌሩም በከባድ ማርሽ በሞተር ይዞ እንደመውረድ ፍሬን ላይ ቆሞ ነው የመጣው። ልጁ ይሄን አይቶ ዞር ብሎ ለሹፌሩ ራሱ አስረዳው፣ ያ ሹፌር አሁን ሲመጣ እኔን አይጠይቅም እሱን ነው የሚጠይቀው። ለምን ማለታቸው ንቀት አይደለም፣ ምክንያቱን ካወቁ ሳታያቸውም ይሰሩታል።

ስልክን በተመለከተ ጉድጓድ ውስጥና ክሪክ ላይ በቆመ መኪና ስር ክልክል ነው፣ ድርድር የለም። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ሲፈታ ግን ስልክህን አውጣ የምለው እኔ ነኝ፣ እያንዳንዱ ጥርስና ኩሽኔታ ፊቱ ወዴት እንደነበር በተርታ ፎቶ ይነሳል። ድሮ በጭንቅላት ይዘን ገጥመን አንድ ቀለበት ተርፎን እንደገና የምንፈታው ነገር ቀረ።

ገንዘብ ላይ ደሞ ቁርጥ ያለ ነገር ነው የሚወዱት። ሹፌሩ ጅቡቲ ተራ አለኝ ብሎ ማታ ሲጨቀጭቅ "እስቲ ለኔ ስትል ቆይ" አይባልም። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ የተቀመጠ ነው፣ ትርፍ ሰዓት ቀን ከሆነ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በዓል ቀን 2.5፣ በቀን ከ4 ሰዓት አይበልጥም። የዛኑ ቀን ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ልጁ ይፈርማል፣ በቴሌብር ይገባለታል። ከዛ ወዲህ ማታ የሚቆይ ፍለጋ አልለመንኩም።

አርብ ሙስሊሞቹ ጁምዓ ሲሄዱ ክርስቲያኖቹ ይሸፍናሉ፣ ለመስቀል ለጥምቀት ደሞ በተራው፣ ይሄን ወሎ ላይ ማንም ማንንም አያስተምርም። በቴሌግራም ግሩፓቸው ራሳቸው ይጨርሱታል። እኔ ግሩፑ ውስጥ የለሁም መግባትም አልፈልግም፣ የሚያሙኝ የት ሄደው ነው ታዲያ? ልጅ ልምሰል ብዬ የነሱን ቋንቋ አላወራም፣ ቲክቶክም አልሰራም፣ ጋሼ ነኝ በቃ። የተበላሸ ስራ ካለ ደንበኛ ፊት አልናገርም፣ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ከተጠጣ በኋላ ለብቻ ጠርቼ ነው።

ያቃተኝ የጠዋት ማርፈድ ነው። መግቢያውን ከ2 ሰዓት ወደ 2 ተኩል ገፋሁላቸው፣ አሁን ለ3 ሩብ ጉዳይ ይመጣሉ። መላ ያገኘለት ካለ ይንገረኝ።