ጭጋግ ውስጥ የቀሩት እናት

ነገ ሰርግ አለኝ። ባትሪዎቹ ቻርጅ ላይ ናቸው። ሜሞሪ ካርዶቹን አጥፍቼ ባዶ አድርጌያቸዋለሁ። የባለፈው ሰርግ ፎቶ ሁለት ቦታ መቀመጡን ሳላይ ካርድ አላጠፋም፤ ዛሬ ግን ሦስት ጊዜ አየሁ። የሁለቱንም ካሜራ ሰዓት አስተካክያለሁ። አንዴ አንደኛው ካሜራ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶብኝ፣ ፎቶዎቹን በሰዓት ስደረድራቸው ሙሽሮቹ መጀመሪያ ጨፍረው ኋላ ቀለበት ያሰሩ ሆነው ቁጭ አሉ።

ሁሉም ዝግጁ ነው። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ሰርግ ማንሳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ እንዲህ የሆንኩት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ካሜራ የገዛሁት ለመደበቅ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ሰው በተሰበሰበበት ወሬ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ካሜራ ከያዝኩ ግን ማንም "ምነው ዝም አልሽ?" አይለኝም። ሥራ ላይ ያለሁ እመስላለሁ። ያገለገለ ካሜራ ነበር፣ ከአንዲት 50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር። ግድግዳ ላይ የወደቀ ጥላ አነሳለሁ። ዝናብ ያረፈበት መስኮት አነሳለሁ። የተኛ ድመት አነሳለሁ። ሰው ካነሳሁም ከጀርባው ነው። ያዩልኝ ሁሉ "ለምን ገንዘብ አትሠሪበትም?" ይሉኛል፤ እኔም ፈገግ ብዬ አልፋለሁ።

ከዚያ የሥራ ባልደረባዬ ሰርግ መጣ። ሦስት ሳምንት ሲቀራት ፎቶ አንሺዋ ቀረባት። እኔ ጋ መጣች። የሰርግ አንስቼ አላውቅም አልኳት። "ያንቺ ፎቶ ያምራል፣ በቃ" አለችኝ። ስለ ክፍያ እሷ አላነሳችም፣ እኔም አፍሬ ዝም አልኩ።

የዚያን ቀን የገባኝ የመጀመሪያው ነገር፣ ድመትና ሙሽራ አንድ አለመሆናቸው ነው። ድመቷ ነገም ትተኛለች። ጥላውም ነገ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ይመጣል። ቀለበት ግን ጣት ላይ የሚገባው በሁለት ሰከንድ ነው፤ በሁለቱም ሰከንድ ፊቴ የነበረው የሚዜው ክርን ነው። እሱስ ይሁን፣ ከጎን ያገኘሁት አንድ ፎቶ ነበረኝ።

የማይረሳኝ የቤተሰቡ ፎቶ ነው። አሥራ ስምንት ሰው በሦስት ረድፍ ቆሟል፣ የፊተኞቹ ተቀምጠዋል። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። ፍላሽ ነበረኝ፣ ግን አላወጣሁትም። ለምን? ፍላሽ ሲበራ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እና ብርሃን እንዲገባልኝ ሌንሷን እስከ ኤፍ 1.8 ከፈትኳት። እዚህ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ጭንቅላቱን ይይዛል። ሌንስ በዚያ ያህል ሲከፈት ጥርት ብሎ የሚታየው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ይደበዝዛል። ለአንድ ሰው ፊት ግሩም ነው። ለሦስት ረድፍ ዘመድ ግን አይሆንም።

አሥራ ስምንት ሰው በአንዴ እኔን እያየ ነው። ጆሮዬ ጋለ። ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርጌ "እሺ፣ ጨርሻለሁ" አልኩ። ቃሉ ከአፌ በደንብ መውጣቱንም እንጃ።

ፎቶዎቹን ካስረከብኩ በኋላ የሙሽራዋ እናት ራሳቸው ደወሉ። "የኔ ልጅ፣ ፎቶው ሁሉ ያምራል፣ ተባረኪ። እኔን ብቻ ጭጋግ ውስጥ ተውሽኝ" አሉና ሳቁ። ከፊት ረድፍ፣ ዳር ላይ ነበር የተቀመጡት። ሙሽራዋ መሃል ላይ ቅንድቧ ይቆጠራል። እናትየዋ ግን እንፋሎት ከሸፈነው መስታወት ጀርባ ያሉ ይመስላሉ። ሦስቱም ፎቶ ላይ። ኮምፒውተር ላይ ለማጥራት ሌሊቱን ታገልኩ። ፎከስ የሳተ ፎቶ እውነተኛ ዝርዝሩ ውስጡ የለም፤ ባጠራሁት ቁጥር ፊታቸው የዛፍ ቅርፊት እየመሰለ ሄደ። ተውኩት።

ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር አንብቤ ትንሽ ተጽናናሁ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የመጀመሪያ ልጃቸውን የዳሩት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ነው። በሰርጉ ዕለት ከባላቸውና ከሙሽራዋ ልጃቸው ጋር ፎቶ ተነሱ። ያ ምስል የተቀረጸው ብር የተቀባ የመዳብ ሳህን ላይ ነው፤ ለቅጽበት ሳይሆን ለሰከንዶች ድንጋይ ሆኖ መቆየት ያስፈልጋል። ንግሥቲቱ ግን ስሜታቸው አይሎ ተንቀጠቀጡ፣ እና የሳቸው ፊት ደብዝዞ ወጣ። ይህንኑ በማስታወሻቸው ጽፈውታል። እንግዲህ ደብዝዘው የቀሩ የሙሽራ እናት የባልደረባዬ እናት ብቻ አይደሉም ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ንግሥቲቱን ያደበዘዛቸው የራሳቸው ስሜት ነው፤ እኒህን ያደበዘዝኳቸው እኔ ነኝ፣ በማፈሬ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል የአንድ ልምድ ያለው ፎቶ አንሺ ረዳት ሆንኩ። በነፃ በሚባል ክፍያ መብራት ተሸከምኩ። የቴክኒኩ ነገር ቶሎ ገባኝ። ለብዙ ሰው ሌንሱን ወደ ኤፍ 8 አጥብቢ። ፍላሹን ፊታቸው ላይ ሳይሆን ነጭ ጣሪያ ካለ ወደ ጣሪያው አዙሪው፣ ብርሃኑ ለስልሶ ይወርዳል። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 3200 ለማድረስ አትፍሪ፤ ፎቶው ላይ የሚያመጣው ብናኝ ኋላ ይቀነሳል፣ የደበዘዘ ፊት ግን አይመለስም። ከአሥር ፎቶ በታች አታንሺ፣ ሁልጊዜ የሚጨፍን አለ።

ያልገባልኝ ድምፄ ነው። ሰውዬው አንድ ቀን ለየት አድርጎ "አንቺ ሰው ሲሰለፍ የምታነሺው ይቅርታ እየጠየቅሽ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ሰው ፎቶ ሲነሳ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም፤ የሚነግረው ይፈልጋል። የማይነግሩት ከሆነ ይደርቃል። እቤቴ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። "አባባ፣ ትንሽ ወደ ግራ! ቀይ የለበስሽው፣ ጠጋ በይ! በሦስት እንቆጥራለን!" ጎረቤቶቼ ምን እንዳሰቡ እነሱ ያውቃሉ።

ዋጋ መናገርም ያው ድምፅ ይፈልጋል። መጀመሪያ አካባቢ ዋጋዬን ጠርቼ፣ ሰዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ራሴው እቀንስላቸው ነበር። አሁን ጠርቼ ዝም እላለሁ። ያቺ ዝምታ ከሰርጉ ሁሉ ትከብዳለች። ቀብድ ሳልቀበል ቀን አልይዝም፤ ውል ሳንፈርምም እንደዚያው። ስንት ሰዓት እንደምቆይ፣ መቼ እንደማስረክብ፣ ብታመም ማን እንደሚተካኝ ሁሉም ይጻፋል። ሰዉ የሚያየው የሰርጉን አሥር ሰዓት ነው። ከሦስት ሺህ ፎቶ አምስት መቶውን መምረጥና ማስተካከል ስንት ሌሊት እንደሚበላ አያይም። መደበኛ ሥራዬን የለቀቅኩት የዓመት ዕረፍቴ በሰርግ ቅዳሜዎች አልቆ ሲያበቃ ነው። ያን ያህል የሚተረክ ነገር የለውም።

የሚወዱትን የሠራ ሥራ አይከብደውም ይባላል። ትከሻዬ በዚህ አይስማማም። ልቤም ቢሆን ሁልጊዜ አይስማማም። አንድ ዓመት ላይ ሰርግ በዝቶ፣ ለስምንት ወር ለራሴ አንድም ፎቶ ሳላነሳ ቀረሁ። ጥላው ግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ አየዋለሁ፣ "ከዚህ ጋር ሙሽራ ብትቆም" ብዬ አስባለሁ። ያ ነገር አስደነገጠኝ። ያችን አሮጌ 50 ሚሊሜትር ለሥራ መያዝ ያቆምኩት ያኔ ነው። አሁን የድመት ብቻ ናት።

የነገው ሰርግ የማን እንደሆነ አልጻፍኩም ለካ። የባልደረባዬ ታናሽ ወንድም ነው የሚያገባው። እናትየዋ ናቸው "ያቺው ልጅ ታንሳን" ያሉት። ሙሽራው ሲነግረኝ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

ማታ ላይ ራሳቸው ደወሉ። ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ ይንጫጫል።

"የኔ ልጅ፣ ነገ ለቤተሰቡ ፎቶ የት ብቀመጥ ይሻላል?"

"መሃል ይቀመጡ።"

"ምን አልሽ? አልሰማሁሽም፣ ጫጫታ ነው!"

"መሃል!" ብዬ ጮህኩ። "መሃል ይቀመጡልኝ!"