ርካሽ የጥይት ፍጥነት መለኪያ ለመግዛት

ኮሎራዶ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በየዓመቱ አጋዘን ያድናል። ጥይቱንም ራሱ ነው የሚሞላው። የተተኮሰ ቀለህ ይሰበስብና አጽድቶ አዲስ መለኮሻ፣ ባሩድና አረር ያስገባበታል። እዚያ አገር ይሄ ሕጋዊ ነው፤ ብዙ ሰውም ያዘወትረዋል። እኛ ዘንድ ግን የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ጠበቅ ያለ ስለሆነ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥይት ልሙላ እንዳይል። እኔም የምጽፈው ስለ አሞላሉ ሳይሆን ስለ መለኪያው ነው።

ሱሉልታ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። ሴንሰርና ሰዓት ቆጣሪ ያለበት ነገር ሁሉ ይስበኛል። ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም «ክሮኖግራፍ (የጥይት ፍጥነት መለኪያ) ልገዛ ነው፣ ከ200 ዶላር በላይ ማውጣት አልፈልግም፣ የቱን ልውሰድ?» ብሎ ጻፈልኝ። መልሱ ስለረዘመ እዚህ ላስፍረው። ሌላ ሰው ዘንድም ዘመድ ወይም ጓደኛ ይሄንኑ የሚጠይቅ አይጠፋም።

መጀመሪያ የመለስኩለት በጥያቄ ነው። ቁጥሩን ምን ልታደርግበት ነው? አጋዘን የሚመታው ከ300 ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። .308 የሚባለውን የጥይት ልክ በሚተኩስ ጠብመንጃ የአረሩ ፍጥነት 820 ሜትር በሰከንድ ሆኖ ሳለ መለኪያው 828 ቢለው፣ ማለትም በ1 ፐርሰንት ቢሳሳት፣ በ300 ሜትር ላይ የሚመጣው የከፍታ ልዩነት 1 ሳንቲሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው። የአጋዘኑ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ያው ስሕተት 900 ሜትር ላይ ሲደርስ ግን ከ20 ሳንቲሜትር ያልፋል። ስለዚህ ለረጅም ርቀት ኢላማ የሚተኩስ ሰውና አዳኝ አንድ ዓይነት መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ሻጮች ይሄን አይነግሩህም። ሁሉም በጣም ትክክለኛውን ግዛ ነው የሚሉት።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት በሦስት መንገድ ይሠራሉ፤ በብርሃን፣ በማግኔትና በራዳር።

በ100 ዶላር አካባቢ የሚገኙት የብርሃኖቹ ናቸው። ካልድዌልና ፕሮክሮኖ የሚባሉት እዚህ ውስጥ ይመደባሉ። አሠራራቸው ቀላል ነው። ወደ ሰማይ የሚያዩ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፣ አረሩ ከላያቸው ሲያልፍ ጥላው ያርፍባቸዋል፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለፈው ጊዜ ይቆጠራል፣ ርቀቱ በዚያ ጊዜ ይካፈላል፣ አለቀ። ችግሩ ያለው ጊዜው ላይ ነው። ሴንሰሮቹ በ30 ሳንቲሜትር ቢራራቁ 820 ሜትር በሰከንድ የሚበር አረር ያንን የሚያቋርጠው ከ1 ሺህኛ ሰከንድ ሲሶ በሚበልጥ ቅጽበት ነው። ሰዓቱ በሚሊዮንኛ ሰከንድ ካልቆጠረ ዋጋ የለውም።

ሰዓቱ ግን ዛሬ ርካሽ ነው። ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም በአንዲት ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር እንኳን በሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቆጥራል። ከአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ጋር በአርዱዪኖ (ማይክሮኮንትሮለር ባለበት የመማሪያ ሰሌዳ) ተመሳሳይ ነገር ሠርተን ነበር፣ ለጥይት ሳይሆን ለፊዚክስ። ሁለት የብርሃን ሴንሰር በእንጨት ፍሬም ላይ አሰርንና የኩሽኔታ ብረት ኳስ ከላይ ለቀቅንበት። ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ ኳስ መሬት አጠገብ 4.43 ሜትር በሰከንድ ሊኖረው ይገባል፤ ስሌቱ የታወቀ ስለሆነ መሣሪያው ልክ መሆኑን በዚያ ማረጋገጥ ይቻላል። ሰዓቱ አላስቸገረንም። ያስቸገረን ብርሃኑ ነው። ሴንሰሩ ኳሱን አንዴ በታችኛው ጫፉ አንዴ በወገቡ ያየዋል፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው ያብረቀርቅና ጭራሽ አያየውም፣ ከእንጦጦ በኩል ደመና ሲመጣ ደግሞ ቁጥሩ ይቀያየራል። ክፍል ውስጥ አስገብተን መብራት ስናበራ ሌላ ጣጣ መጣ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ ሴንሰሩም ያንን እንደ ጥላ ይቆጥረዋል። አሜሪካ 60 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 120 ጊዜ ማለት ነው፤ ችግሩ ግን ያው ነው። ለዚህ ነው ቤት ውስጥ የሚተኩሱ ሰዎች ለብርሃን መለኪያቸው የራሱን የኢንፍራሬድ መብራት ጨምረው የሚገዙት።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ሴንሰሩ አረሩን ያየበት ቦታ በ3 ሚሊሜትር ቢዛነፍ፣ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ስሕተቱ 1 ፐርሰንት ነው። ርቀቱን 60 ሳንቲሜትር ብታደርገው ስሕተቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የብርሃን መለኪያ የሚገዛ ሰው ከስክሪኑና ከስልክ አፕሊኬሽኑ በፊት ሴንሰሮቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ ይመልከት። በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ የሚበልጠው ይሄ ነው። አቀማመጡም ይቆጠራል። መለኪያው ከአረሩ መንገድ በ5 ዲግሪ ቢዘም 3 ሜትር በሰከንድ ያህል ያሳንሳል። ለአፈሙዙ በጣም ከተጠጋ የባሩዱ ጭስና ግፊት ቀድሞ ይደርስና ያሳስተዋል፤ ስለዚህ ከ3 እስከ 5 ሜትር ራቅ ተደርጎ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ግን የአክስቴ ልጅ ችግር ይጀምራል። እሱ የራሱ መሬት የለውም። የሚተኩሰው ከሌሎች ጋር በጋራ የልምምድ ሜዳ ነው። መለኪያውን ከፊት ለፊት ለማቆም ሁሉም ሰው ተኩስ ማቆም አለበት። ለማስተካከልም እንደገና መጠበቅ ነው፣ ንፋስ ከጣለው እንደገና። በዚያ ላይ አረሩ ከመለኪያው በላይ በጥቂት ሳንቲሜትር ነው የሚያልፈው። የጠብመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ከበርሜሉ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በመነጽር ሲታይ ነጻ የሚመስል መንገድ ለአረሩ ነጻ ላይሆን ይችላል። የራሱን ክሮኖግራፍ በጥይት የመታ ሰው ብዙ ነው። 100 ዶላሩ ሁለት ጊዜ ከተከፈለ ርካሽነቱ የት አለ?

ፍጥነትን መለካት እኮ ከኤሌክትሮኒክስ በፊትም ነበር። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1742 ያሳተመው ዘዴ ከባድ እንጨት አንጠልጥሎ አረሩን ወደ እንጨቱ መተኮስ ነበር። እንጨቱ ምን ያህል እንደተወዛወዘ ይለካል፣ ከእንጨቱና ከአረሩ ክብደት ጋር ተሰልቶ ፍጥነቱ ይገኛል። ፀሐይ ኖረ አልኖረ አያገባውም። ይሄን ለተማሪዎቹ ስነግራቸው ከአርዱዪኖው የበለጠ ነው የወደዱት።

የማግኔቱ መለኪያ ከበርሜሉ ሥር እንደ ሳንጃ ይታሰራል። የታወቀው ማግኔቶስፒድ ነው፣ ትንሹ ሞዴል ስፖርተር ይባላል፣ አዲሱ በ200 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ ነው የኖረው። አረሩ እንደ መዳብና እርሳስ ካሉ ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፉ ማዕድናት ስለሚሠራ በሁለቱ ሴንሰሮች አጠገብ ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስኩን ይነካዋል፤ ሰዓቱ ያንን ይቆጥራል። ደመና፣ ፀሐይ፣ መብራት፣ ማታ፣ ቀን ለሱ አንድ ነው። ከመቀመጫህ ሳትነሳ ታስረዋለህ፣ ማንንም ተኩስ አቁም አትልም። አንድ ትልቅ ጉድለት ግን አለው። በርሜሉ ላይ ክብደት ስለሚጨምር አረሩ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። ስለዚህ ፍጥነት የለካህባቸውን ጥይቶች ለኢላማ ማስተካከያ ልትጠቀምባቸው አትችልም። ለዚያ ሌላ ጥይት ታወጣለህ። አንዷ ጥይት ራስህ ሞልተሃትም ከግማሽ ዶላር በላይ ትፈጃለች፣ ይሄ ወጪ ከመለኪያው ዋጋ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ሌላም አለ፤ በርሜሉ ወፍራም ከሆነ ትንሹ ሞዴል አይይዘውም። ከመግዛቱ በፊት የበርሜሉን ውፍረት እንዲለካ አደራ አልኩት። ካሰረው በኋላም ጠብመንጃው ባዶ እያለ የአረሩ መንገድ ከመለኪያው ጋር እንደማይነካካ በደንብ ማየት ግድ ነው።

ሦስተኛው ራዳር ነው። ትራፊክ ፖሊስ የመኪና ፍጥነት በሚለካበት መርሕ፣ ማለትም ከሚሸሽ ነገር ተመልሶ በሚመጣው ሞገድ ለውጥ ነው የሚሠራው። ላብራዳር ቀዳሚው ነበር፤ ወደ ኢላማው በጥንቃቄ ማነጣጠር ይፈልጋል። ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2023 ዜሮ ሲ1 ፕሮን ሲያወጣ ግን ነገሩ ተቀየረ። ኪስ የሚገባ ነው፣ ከጠብመንጃው አጠገብ ታስቀምጠዋለህ፣ ጠብመንጃው ላይ ምንም ነገር አታስርም፣ እንደ ላብራዳር በጥንቃቄ አታነጣጥርም። ዋጋው ሲወጣ 600 ዶላር ገደማ ነበር። ከሱ በኋላ አትሎንና ካልድዌልም በዝቅተኛ ዋጋ የራሳቸውን አምጥተዋል። እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ ላለው ሰው ሌላ አልመክርም። ገንዘቡ ለሌለው ሰው ግን ራዳር መምጣቱ በሌላ መንገድ ጠቅሞታል። ብዙ ተኳሽ ወደ ራዳር ሲዞር የድሮውን እየሸጠ ነው። ያገለገለ የማግኔት መለኪያ በጥሩ ዋጋ ይገኛል።

ከዕቃው ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን የአክስቴ ልጅ ቁጥሩን የሚያነብበት መንገድ ነው። አምስት ጥይት ተኩሶ «ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (ፍጥነቶቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚያሳየው ቁጥር) 5 ነው፣ ያኛው 8 ነው፣ ስለዚህ ይሄኛው ባሩድ ይሻላል» ይለኛል። አይሆንም ወንድሜ! ከአምስት ጥይት የተገኘ 5፣ እውነተኛው ቁጥር ከ3 እስከ 14 የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አሥር ብትተኩስ ከ3 ነጥብ 4 እስከ 9 ይጠባል። ሃያ ስትደርስ ነው ስለ ልዩነት ማውራት የሚቻለው። መርካቶ የሚሸጠውን ርካሽ መልቲሜትር አስቡት፤ ስክሪኑ 12.47 ቮልት ብሎ ሁለት አሃዝ ከነጥብ በኋላ ስለጻፈ ብቻ እነዚያ አሃዞች እውነት አይደሉም። ክሮኖግራፍም 821.3 ብሎ ሲጽፍልህ ነጥብ 3ቷን ተዋት። 600 ዶላር አውጥቶ ሦስት ጥይት ከሚተኩስ ሰው ይልቅ 150 አውጥቶ ሃያ የሚተኩሰው ስለ ጥይቱ የበለጠ ያውቃል።

አንድ ነገር ግን በጣም አጥብቄ ነው የነገርኩት። ፍጥነት ከግፊት ውጪ አይመጣም። የባሩድ አምራቾች መመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ መጠን የፍጥነት ቁጥር ተጽፏል። ያ ቁጥር የሚለካው በራሳቸው የሙከራ በርሜል ነው፤ ያንተ በርሜል አጠር ካለ ቁጥርህ ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ሊል ሲገባው ከፍ ካለ፣ ከመመሪያው ጣሪያ በላይ ከሄደ፣ «ጎበዝ፣ ጥሩ ሞላሁ» የሚባልበት ሰዓት አይደለም። ጥይቱ በሚቀመጥበት የጠብመንጃው ክፍል ውስጥ ያለው ግፊትም አብሮ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ማቆምና መጠኑን መቀነስ ነው። ክሮኖግራፍ ያለው ሰው ይሄን ያያል፤ የሌለው በግምት ነው የሚሄደው። ለእኔ መለኪያ የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው፣ አጋዘኑ አይደለም። የቤተሰብ ኃላፊ ነው፤ ፊቱ አጠገብ ነው የሚፈነዳው።

ስለዚህ መለኪያው ራሱ ልክ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። በ2 ፐርሰንት የሚያሳንስ መለኪያ አደጋውን ይደብቅሃል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ልምምድ ሜዳው ላይ ራዳር ያለው ሰው አይጠፋም። አስፈቅዶ አጠገቡ ያስቀምጥና በአንድ ጥይት ሁለቱንም ያንብብ። አሥር ጊዜ አነጻጽሮ ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ካደላ ያንን መጻፍና መደመር ወይም መቀነስ ይቻላል። በብዙ ልዩነት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሚል ከሆነ ግን ችግር ያለበት ዕቃ ነው፣ ይመልሰው።

የአክስቴ ልጅ መጨረሻ ላይ ያገለገለ ማግኔት ወሰደ። ሻጩ ሁለቱንም ሴንሰርና ኬብሉን ቅርብ አድርጎ በቪዲዮ እንዲያሳየው አድርጌያለሁ፤ እንዲህ ባሉ ዕቃዎች ላይ ቀድሞ የሚጎዳው ኬብሉ ከመሰኪያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። አሁን የቀረው መዝገብ መያዝ ነው። ከእያንዳንዱ ፍጥነት ጎን የቀኑን ሙቀት እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ። አብዛኛው የባሩድ ዓይነት ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲበርድ ይዘገያል። እሱ የሚሞክረው በበጋ ነው፣ የሚያድነው በረዶ ሲወርድ። ከፍታውንም ይጻፍ። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ እሱ የሚያድንበት ተራራ ከዚያ በላይ ነው። ከፍታ ከአፈሙዝ የሚወጣውን ፍጥነት ብዙም አይነካውም፤ አየሩ ሲሳሳ ግን አረሩ በመንገድ ላይ የሚያጣው ፍጥነት ይቀንሳል። እዚህ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነን፣ አየራችን ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ያስተካከለውን መነጽር ተራራ ላይ ወጥቶ ሲተኩስበት ከፍ ብሎ ቢመታ መለኪያውን አይጠርጥር፤ የአረሩን መንገድ በሚያሰላለት የስልኩ አፕሊኬሽን ውስጥ ያስገባውን ከፍታና ሙቀት መጀመሪያ ይመልከት።