ከደብዳቤው በፊት የቤት ኪራይ ይከፈል

የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን ያለፉ የገጠር ልጃገረዶች ደቡብ ወሎ ሐይቅ ከተማ ገብተው ዘጠነኛ ክፍል እንዲማሩ ለመደገፍ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ከደመወዛችን ማዋጣት ጀመርን። አምስት ልጆችን በመምህራን ጥቆማ መረጥን፤ ከወላጆቻቸውም ጋር ተስማማን።

ሥራው የተበላሸው ክፍያው ላይ ነው። ገንዘቡ በሕጋዊ መንገድ እንዲያልፍ በማለት ከአንድ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቅሁ፤ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ጥቅምት አጋማሽም ተመላለስሁ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ፤ ሌላ ቀን ማኅተም የያዙት ሠራተኛ ፈቃድ ወጥተዋል፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ የልጆቹ ስም እስከ አያት ይጻፍ ተብሎ ማመልከቻው ተመለሰ። አከራይ ግን ደብዳቤ አይጠብቅም፤ የወሩን ኪራይ በቅድሚያ ይቀበላል። ገንዘቡ በእጄ እያለ ደንብ አክባሪ ለመባል መጠበቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከአምስቱ አንዷ ድርቆሽና ሽሮዋን ይዛ መጥታ፣ ዘመድ ቤት ሁለት ሳምንት ተጠግታ፣ አንድ ዓርብ ማታ ወደ ቤተሰቧ እንደሄደች አልተመለሰችም። ቤታቸው ስደርስ የዓረብ አገር ደላላ ቀድሞኝ ነበር። እናቷ ቡና አፍልተው «አብሽሪ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አሉኝ። የሰጠናትን ደብተር ታናሽ ወንድሟ ይዞታል፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሟና «9ኛ» የሚለው ብቻ ተጽፏል።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ፦ የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ኪራይ ነሐሴ ላይ ለአከራይዋ በቀጥታ ክፈሉ፤ ደብዳቤው በኋላ ይድረስ። የደረጃ ተማሪዎችን ብቻ ምረጡ የሚለውን የቢሮ ምክርም አልቀበልም፤ አንደኛ የወጣችውን ሌላም ሰው ያያታል፣ ቤተሰብ ሲቸግረው ቀድማ የምትቀረው መካከለኛዋ ናት። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት ቢልም፣ እኛ ልጅቷን ሳይድሩ የማስተማሩን ስምምነት በቅሬው (እንደ ዕድር ባለው የመንደሩ መረዳጃ) ሽማግሌዎች ፊት ማድረጋችን ይበልጥ ጠቅሞናል፤ አባት ለጎረቤቶቹ የሰጠውን ቃል በቀላሉ አያጥፍም።

መካሪ ከሩቅ አትፈልጉ። የእኛ ልጆች መካሪ እዚያው ግቢ የምትኖር፣ ራሷም ከገጠር የመጣች የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። እሑድ ማታ ማን እንዳልተመለሰች ትደውልልኛለች። የወጪውን መዝገብ ልጆቹ በየወሩ እየተፈራረቁ ይይዛሉ፤ መናገር የምትፈራው ልጅ ሒሳቡን ቆማ ስታስረዳ ማየት ያኮራኛል።

ዘንድሮ አራቱ አሥረኛ ክፍል ገብተዋል። በአምስተኛዋ ፍራሽ ላይ ሌላ ልጅ ትተኛለች፤ ኪራይዋን ነሐሴ 12 ቀን ከፍያለሁ።