የመምረጥ መብት ሳይኖረኝ የጃፓንን ፖለቲካ ከምንጩ መከታተል የቻልኩበት መንገድ

በቶኪዮ ካትሱሺካ ክፍለ ከተማ፣ ኢትዮጵያውያን ሰብሰብ ብለን በምንኖርበት አካባቢ፣ የጃፓን ዜና የሚደርሰን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ከሚወጡ አጫጭር ዘገባዎች፣ ከማኅበራዊ ሚዲያ እና ቡና ላይ ከሚነሣ ጨዋታ ነው። እነዚህ ሁሉ ጥቅም አላቸው። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃድ ሕግ ሲለወጥ ወይም ስለ አፍሪካውያን ክርክር ሲነሣ፣ ማን ምን እንዳለ፣ መቼና በምን ሥልጣን እንዳለው አያስረዱም። ልጆቻችን የሚያድጉት፣ ግብራችንን የምንከፍለው እዚህ ነውና፣ የአገሩን ጉዳይ በአገሩ ቋንቋ ለመከታተል ወሰንኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን እንዴት እንዳደረግኩት እና ከሁሉም ይልቅ በ2025 የጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት በሆነው በጃይካ ዙሪያ በተነሣው ውዝግብ ወቅት ምን እንደ ተማርኩ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጀመርኩት የጃፓን የሕዝብ ብሮድካስት ድርጅት የሆነው ኤን ኤች ኬ በቀላል ጃፓንኛ ከሚያቀርበው ዜና ነው። ይህ የአጻጻፍ ስልት የተወለደው በጃንዋሪ 1995 ኮቤንና አካባቢዋን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ፣ በርካታ የውጭ ዜጎች የማስጠንቀቂያውንና የእርዳታውን መረጃ መረዳት ባለመቻላቸው ነበር። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ በቻይንኛ ፊደላቱ ላይ አነባበባቸው ይጻፋል። አንድ ዜና በዚህ መልክ ካነበብኩ በኋላ ያንኑ ዜና ከሙሉው ጋዜጣ ላይ እፈልጋለሁ፤ ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ስለማውቅ ከባዱ ጽሑፍ ይከፈትልኛል። የመንግሥት ሰነዶች የሚጠቀሙበት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አቆጣጠር፣ ማለትም 2025ን ሬይዋ 7 ብሎ የሚቆጥረው፣ ለብዙ የውጭ ዜጎች ያስቸግራል፤ ሁለት አቆጣጠር ይዞ ላደገ ኢትዮጵያዊ ግን አዲስ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ሁሉን ዜና ለመከተል ከመሞከር ይልቅ አንድ ጉዳይ መርጬ እስከ ሥሩ ተከተልኩ፤ ጉዳዩም ሩዝ ነበር። በ2025 ጸደይ የአምስት ኪሎ ሩዝ አማካይ ዋጋ ከ4,000 የን በላይ ደርሶ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው እጥፍ ሆነ። ይህን ብቻ በመከተል መንግሥት ለአሥርተ ዓመታት የሩዝ ምርት እንዲቀንስ ሲያደርግ እንደ ቆየ፣ ያ ሥርዓት በ2018 በይፋ ቢቀርም ወደ ሌላ ሰብል ለሚዞሩ ገበሬዎች ድጎማው እንደ ቀጠለ፣ የገበሬው አማካይ ዕድሜ ወደ 70 እንደ ተጠጋ እና የገበሬዎች ማኅበራት በገዢው ፓርቲ ዘንድ ያላቸውን ክብደት ተረዳሁ። የግብርና ሚኒስትሩ ኤቶ ታኩ ደጋፊዎቻቸው ስለሚሰጧቸው ሩዝ ገዝተው እንደማያውቁ ከተናገሩ በኋላ በሜይ ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ተተኪያቸው ኮይዙሚ ሺንጂሮ የመጠባበቂያ ሩዙን ያለ ጨረታ በቀጥታ ለነጋዴዎች አቀረቡ። በጁላይ 20 ለላይኛው ምክር ቤት ምርጫ ሲደረግ፣ የሰውን ምሬት ለመረዳት የፓርቲዎችን መግለጫ ብቻ ማንበብ አላስፈለገኝም። የኑሮ ውድነቱን ያገናዘበው ደመወዝ እስከ 2024 ድረስ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት መቀነሱን፣ ሩዙም እጥፍ መሆኑን አውቅ ነበር። በዚያ ምርጫ «ጃፓናውያን ይቅደሙ» በሚል መፈክር የተወዳደረው ሳንሴይቶ የተባለው ፓርቲ 14 መቀመጫ አገኘ፤ ገዢው ጥምረትም በላይኛው ምክር ቤት አብላጫውን አጣ።

ከአንድ ወር በኋላ የመጣው ነገር ግን እኛን አፍሪካውያንን በቀጥታ ነካን። ከኦገስት 20 እስከ 22 በዮኮሃማ በተካሄደው ቲካድ በተባለው የጃፓንና የአፍሪካ የልማት ጉባኤ ላይ ጃይካ አራት የጃፓን ከተሞችን ከአራት የአፍሪካ አገሮች ጋር አቆራኘ፤ ኪሳራዙን ከናይጄሪያ፣ ናጋይን ከታንዛኒያ፣ ሳንጆን ከጋና፣ ኢማባሪን ከሞዛምቢክ። መርሐ ግብሩ የልምድ ልውውጥ ነበር እንጂ የሰፈራ ዕቅድ አልነበረም፤ ናጋይና ኪሳራዙ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ጊዜም ለእነዚሁ አገሮች አስተናጋጅ ከተሞች ነበሩ። ሆኖም የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ጃፓን ለወጣት ናይጄሪያውያን ልዩ ቪዛ እንደምታዘጋጅ የሚገልጽ መግለጫ አወጣ፤ ወሬውም በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጭቶ ከተሞቹ ለአፍሪካውያን ተሰጡ እስከ መባል ደረሰ። የከተሞቹ ማዘጋጃ ቤቶች በስልክና በኢሜይል ተጨናነቁ።

በዚያ ሳምንት ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው፤ ነገር ግን ከሁሉም የጠቀመኝ እርሱ ነው። የጃይካን የመጀመሪያ መግለጫ፣ የናይጄሪያን መግለጫ፣ የጃፓን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ልዩ ቪዛ የመስጠትም ሆነ ስደተኞችን የመቀበል ዕቅድ እንደሌለ ያስታወቀበትን ጽሑፍ እና የከንቲባዎቹን ቃል ከነቀናቸው በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩ። ወሬው በየትኛው ሰነድና በየትኛው ቀን ከእውነቱ እንደ ተለየ በግልጽ ታየኝ። ለወገኖቼም በአማርኛ አጠቃልዬ ላክሁላቸው፤ ምክንያቱም ከእኛም መካከል ስለ ቪዛው ለዘመዶቻቸው ለመንገር ስልክ ያነሡ ነበሩ፤ ያልተፈቀደን ነገር ተስፋ አድርጎ ለደላላ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ሊኖር መቻሉም አሳስቦኝ ነበር።

ያንኑ ገጽ ለሰፈራችን የነዋሪዎች ማኅበር አባል ለሆኑ አዛውንት ጎረቤቴ አሳየኋቸው። በጥሞና ካነበቡ በኋላ፣ «ሰው መምጣቱን አልጠላሁም፤ ግን ከንቲባው አስቀድሞ የከተማውን ሰው መጠየቅ ነበረበት» አሉኝ። ይህ አባባል ከብዙ ሐተታ በላይ አስተማረኝ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጮኸው ጥላቻ እና ጎረቤቴ የተናገሩት ቅሬታ አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው መልሱ እውነትን ደጋግሞ መናገር ነው። ሁለተኛው ግን አንድን ሰፈር የሚመለከት ውሳኔ ከነዋሪው ጋር ሳይመከርበት ሲተላለፍ የሚነሣ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እንደ ጥላቻ ቆጥሮ መመለስም በደል ይሆናል።

ጃይካ በሴፕቴምበር 25 መርሐ ግብሩን ሰረዘው። በእኔ አመለካከት ይህ ውሳኔ ጎጂ ነበር። ለሐሰት ወሬ የተሰጠው መልስ ማብራሪያ መሆን ሲገባው ማፈግፈግ ሆነና፣ በስልክ ያስጨነቁት ሰዎች ጩኸት እንደሚሠራ ተማሩ። በታንዛኒያና በናጋይ መካከል ለዓመታት የተገነባው መልካም ግንኙነትም ጥፋት የነበረ ይመስል ተሸማቀቀ። ይህን ስጽፍ አዝናለሁ፤ በኢትዮጵያ ብዙዎቻችን ጃይካን የምናውቀው በሥራው ነውና።

ድምፅ የሌለው ነዋሪ ይህን ሁሉ አውቆ ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ይቀርብልኛል። እርግጥ ነው፣ የውጭ ዜጋ በብሔራዊም ሆነ በአካባቢ ምርጫ አይመርጥም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 1995 ለቋሚ ነዋሪዎች የአካባቢ ምርጫ መብት በሕግ ቢሰጥ ሕገ መንግሥቱ እንደማይከለክል ቢገልጽም፣ ፓርላማው እንዲህ ያለ ሕግ አላወጣም። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ 16ኛ አንቀጽ አቤቱታ የማቅረብን መብት ለማንኛውም ሰው ይሰጣል፤ ለዜጋ ብቻ አይልም። የክፍለ ከተማው ምክር ቤት ስብሰባም ለታዛቢ ክፍት ነው። ከታዛቢዎች ወንበር ላይ ሆኖ ስለ ሕፃናት ማቆያ፣ ስለ ጎርፍ መሸሻና ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ሲከራከሩ መስማት ስለ ጃፓን ፖለቲካ ያለኝን ግንዛቤ ከቴሌቪዥን ይልቅ አስፍቶታል። ካትሱሺካ በወንዞች መካከል ያለች ዝቅተኛ መሬት በመሆኗ የጎርፉ ጉዳይ የሁላችንም ነው።

ከሁሉም በላይ የምጠቀምበት መንገድ መንግሥት አንዳንድ ደንቦችን ከማጽደቁ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት የሚያቀርብበት ሥርዓት ነው። አስተያየት መስጫው በመደበኛው ቢያንስ 30 ቀን ክፍት ይሆናል፤ ለመጻፍም ዜግነት አይጠየቅም። ብዙ ወገኖቻችን የመኖሪያ ፈቃድ ማደሻ ክፍያ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ከ4,000 ወደ 6,000 የን ከፍ ማለቱን የሰሙት ለማደስ ሄደው የኢሚግሬሽን ቢሮው መስኮት ላይ ቆመው ነው። አሁን የሚመለከተን ረቂቅ ሲወጣ የሰነዱን ፍሬ ነገር፣ ማንን እንደሚነካ እና የመጨረሻውን ቀን በአማርኛ ጽፌ አሰራጫለሁ፤ መጻፍ ለሚፈልግም በጃፓንኛ አብረን እናዘጋጃለን። አስተያየቱ አንድ ጉዳይ ብቻ ቢይዝ፣ የትኛውን አንቀጽ እንደሚመለከት ቢጠቅስ እና ከራስ ኑሮ አንድ ተጨባጭ ማስረጃ ቢያቀርብ ይሻላል፤ መሥሪያ ቤቱ የቀረቡትን ሐሳቦች ከነመልሱ ሲያወጣ፣ ባይቀበለውም እንኳ ለምን እንዳልተቀበለው በጽሑፍ ማስታወቅ ይኖርበታል።